ርካሽ የካርቦን ማውንቴን ባይክ አስተካክሎ ለመንዳት፦ ከካርቶኑ እስከ እንጦጦ ቁልቁለት

ፊትና ኋላ አሞርዛተር ያለው "ርካሽ" የካርቦን ሳይክል ርካሽ የሆነው ከታዋቂዎቹ ጋር ሲወዳደር ነው። ወደ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። ዋጋው የወረደውም በተአምር አይደለም። ሠሪው ገንዘቡን ፍሬሙ ላይ አፍስሶ ከፍሬኑ፣ ከቸርኬውና ከአሞርዛተሩ ቀንሷል። ፒያሳ ላይ ቆሞ ሲታይ ያምራል። ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬሙ ብቻውን የትም አያደርስም።

ደግሞ እዚህ ከተማ ወስዳችሁ "አስተካክሉልኝ" የምትሉት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል። ጎበዝ የሳይክል ሠራተኛ ማርሽና ፍሬን ያስተካክላል። የአየር አሞርዛተር ግን የሚስተካከለው በነጂው ክብደት ነው፤ ላዩ ላይ መቀመጥ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቀላል ቸርኬ ወይም የካርቦን መሪ ከመመኘታችሁ በፊት ሁለት ዕቃ ይኑራችሁ፦ የአሞርዛተር መንፊያ እና አነስተኛ ቶርክ ሬንች (ቡሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቅ ቁልፍ)። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ አንድ ጥሩ ቸርኬ አይገዛም። ሳይክሉ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ግን ከቸርኬው ይበልጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ካርቦን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ኪሎ ነው?" ብሎ ነው። አዲስ አበባ ለሚነዳ ሰው የሚሻለው ጥያቄ "ሲሰበር ዕቃው ከየት ይመጣል?" የሚለው ነው።

የኋላው ማርሽ ፍሬሙ ላይ የሚንጠለጠልበት፣ የማርሽ ማንጠልጠያ የምትባል ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ አለች። ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጋ የተሠራች ናት። ሳይክሉ ሲወድቅ እሷ ትታጠፍና ፍሬሙ ይተርፋል። ስራም የተባለው የሳይክል ዕቃ ሠሪ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ለዚህች ቁራጭ ዩዲኤች የሚባል አንድ ወጥ ቅርጽ አውጥቶ ብዙ ሠሪዎች ተቀብለውታል። ፍሬማችሁ ዩዲኤች ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ከሳይክሉ ጋር ሁለት መለዋወጫ አብራችሁ እዘዙ። በኋላ እፈልጋለሁ ብላችሁ አትተዉት፤ ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ ቁራጯም ትጠፋለች።

ፔዳሉን የሚሸከመው ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር ይሁን። ተጭኖ የሚገባው ዓይነት ርካሽ ፍሬም ላይ ልኩ ትንሽ ከሳተ በየዳገቱ ይንቋቋል፤ ለማውጣትም ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል። የኋላው አሞርዛተር ደግሞ 190 በ45 ወይም 210 በ50 ሚሊ ሜትርን የመሰለ የተለመደ ልክ ይኑረው። ለዚያ ፍሬም ብቻ የተሠራ ልክ ካለው፣ ሲበላሽ ፍሬሙም አብሮ ተበላሸ ማለት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ። ካርቦን ላይ የወጣ ስንጥቅ በስቱኮና በቀለም ይሸፈናል። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ሌላው ዕቃ ያረጀበትን ሳይክል ጠርጥሩ። ቧንቧዎቹን በሳንቲሙ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተላቀቀው ደግሞ ይደፈናል። መገጣጠሚያ አካባቢ ካርቦኑ ስለሚወፍር ድምፁ በራሱ ይለወጣል። ስለዚህ ግራውን ከቀኙ ጋር፣ ትክክለኛው አቻ ቦታ ላይ አወዳድሩ። ከፔዳሉ በታች ያለውን ሆድ በስልክ መብራት እዩት። ከፊት ጎማ የሚፈናጠር ድንጋይ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት

ብረት ሲበዛበት ይታጠፋል፣ ያስጠነቅቃል። ካርቦን ማስጠንቀቅ አይወድም። "ጠበቅ አድርገው" የሚባለው ልማድ እዚህ ላይ ገደል ይከታል። መሪውንና የመቀመጫውን ዘንግ የሚይዙት ቡሎኖች አጠገብ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። የተጻፈው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ ከዚያ አታሳልፉ። መሪው ላይ ያሉትን አራት ቡሎኖች በመስቀል ቅርጽ፣ ተራ በተራ፣ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። ከላይና ከታች ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት።

ካርቦን የሚታሰርበት ቦታ ላይ ግራሶ አትቀቡ። ለዚህ የተሠራ አሸዋ አሸዋ የሚል የካርቦን ቅባት አለ። እሱ ሳያንሸራትት ስለሚይዝ ብዙ ማጥበቅ አያስፈልግም። ግራሶውን ለፔዳል ጥርስና ለኋላው ክንድ (የኋላ ጎማውን ይዞ ለሚንቀሳቀሰው የፍሬም ክፍል) መዞሪያ አስቀምጡት። የግራ ፔዳል ጥርሱ ወደ ግራ እየዞረ እንደሚጠብቅም አትርሱ።

ቀጥሎ የኋላውን አሞርዛተር አንድ ቡሎን ፈትታችሁ አላቁትና የኋላውን ክንድ በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ያለ ምንም ኮሽታ፣ ያለ ጎን ጨዋታ መሄድ አለበት። የሚያንቀው ከሆነ አንዱ ቡሎን በዝቶበታል ወይም ኩሽኔታው ጠማማ ገብቷል። ይህን ሳያዩ አሞርዛተሩን ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። ሁሉንም በልኩ አጥብቁና ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ደግማችሁ ለኩ። አዲስ ሳይክል ይላላል።

ዲስክ ፍሬኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ደካማ ነው፤ መግራት ይፈልጋል። መኪና የማይገባበት ቀላል ቁልቁለት ፈልጉ። ፍጥነት አንሡ፣ ጎማው ሳይቆለፍ ወደ እግረኛ ፍጥነት እስክትወርዱ ድረስ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። ለእያንዳንዱ ፍሬን ሃያ ጊዜ ያህል በቂ ነው። ዲስኩ አጠገብ ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለውን የሚረጭ ዘይት የሚነፋ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

እግረ መንገዴን ስለ ፍሬን ዘይት አንድ ነገር ልበል። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ "የፍሬን ዘይት" ብትሉ የሚሰጣችሁ የመኪናው ዶት ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በሚኒራል ዘይት ነው። ዶት ከገባበት ውስጡ ያለውን ጎሚኒ ያብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ሙሉውን መቀየር ነው። ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች በተቃራኒው ዶት ይጠቀማሉ፤ አዳዲሶቹ አንዳንዶቹ ግን ወደ ሚኒራል ዞረዋል። የዘይቱ ዓይነት ክዳኑ ወይም እጀታው ላይ ስለተጻፈ አንብቡት።

ከባሕር ጠረፍ የመጣ አየር

ይህን ክፍል የውጭ አገር መመሪያ ላይ እምብዛም አታገኙትም። ፎርኩ (የፊት አሞርዛተሩ) የተገጣጠመው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ፋብሪካ ነው። እኛ ያለነው ወደ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ነው። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፤ እዚህ ወደ 11 ይወርዳል። ፎርኩ ታችኛው እግር ውስጥ የታሸገው አየር ግን የድሮ ግፊቱን ይዞ መጥቷል። ውጤቱ፦ ጎሚኒው ይወጠራል፣ ፎርኩ ጉዞውን (የሚሰምጥበትን ርቀት) መጨረስ እምቢ ይላል፣ ትንንሽ ጉብታ ላይ እጅ ያማል። ሰው ፎርኩ ርካሽ ስለሆነ ይመስለዋል።

ማውጣቱ ቀላል ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሡ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ። የፎርኩን እግር በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ቀጭን የኬብል ማሰሪያ ፕላስቲክ ውሰዱ፤ ጫፉን በምላጭ አታሹሉት፣ በጣታችሁ አለስልሱት። በጎሚኒውና በሚያብረቀርቀው ቧንቧ መካከል ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። "ጵስስ" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ሲያበቃ አውጡት፣ ሌላውንም እግር እንዲሁ። ካቻቢቴ፣ መርፌ፣ ቢላ በጭራሽ እንዳትሞክሩ፤ አንድ ጭረት ካረፈበት ዘይቱ መፍሰሱን አያቆምም። ከኋላው በኩል ማስተንፈሻ ቁልፍ ያላቸው ፎርኮችም አሉ። እነሱን መጫን ብቻ ነው።

አሞርዛተሩና ጎማው ላይ ግን የከፍታ ሒሳብ አያስፈልጋችሁም። እዚሁ ነፍታችሁ እዚሁ ከለካችሁ ጌጁ የሚያሳየው ልክ ነው።

አሞርዛተሩን በክብደታችሁ መለካት

ሳይክሉ ላይ ስትቀመጡ አሞርዛተሩ ትንሽ ይሰምጣል። ያ መጠን ሳግ ይባላል። ከኋላ ከጠቅላላ ጉዞው ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ከፊት 20 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ሳጉ ከተበላሸ ሌላው ማስተካከያ ሁሉ ከንቱ ነው።

1. እንደምትነዱበት ልበሱ። ሄልሜት፣ ጫማ፣ ውሃ የያዘ ቦርሳ፣ ሁሉም። 70 ኪሎ ሰው ከነዕቃው 75 ሊሆን ይችላል።

2. የኋላውን አሞርዛተር መዝጊያ ማንሻ ወደ ክፍት መልሱ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው።

3. የአሞርዛተሩን መንፊያ እሰሩ። መነሻ ግፊት ካልተጻፈላችሁ ክብደታችሁን በፓውንድ አስሉና ያንን ፒኤስአይ አድርጉት፤ 75 ኪሎ ማለት ወደ 165 ነው። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

4. በአንድ ጊዜ አትሙሉ። ወደ 100 ሲደርስ አቁሙና መቀመጫውን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ጌጁ ይወርዳል። አየሩ ከዋናው ክፍል ወደ ተቃራኒው ትንሽ ክፍል ስላለፈ ነው እንጂ አልፈሰሰም። ጨምሩ፣ ተጫኑ፣ እንደገና ጨምሩ።

5. ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ሁለት እግር ፔዳል ላይ። ጥቂት ተነቃነቁና ረጋ በሉ። አሞርዛተሩ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደ ላይ ገፍታችሁ ከጎሚኒው ጋር አገናኟት። አሁን እንደ ሌባ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ዘላችሁ ከወረዳችሁ ቀለበቷ ትሸሻለች፣ ልኬቱም ውሸት ይሆናል።

6. ቀለበቷ ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀች በማስመሪያ ለኩ። አሞርዛተሩ 210 በ50 ከሆነ ጉዞው 50 ነው፤ 30 በመቶው 15 ሚሊ ሜትር። ቀለበቷ 18 ላይ ካለች አየር ጨምሩ፣ 11 ላይ ካለች ቀንሱ፣ በአምስት አምስት ፒኤስአይ። 50 ሚሊ ሜትር ኋላ ጎማው ላይ 130 ሆኖ የሚወጣ ከሆነ፣ አሞርዛተሩ ላይ የሳታችሁት አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 2.6 ይሆናል። ስለዚህ "ትንሽ ነው" አትበሉ።

7. ፎርኩንም እንዲሁ፤ ልዩነቱ ሳትቀመጡ ፔዳል ላይ ቆማችሁ፣ ጉልበትና ክርን አጠፍ አድርጋችሁ መለካታችሁ ነው። ለዚህ ሳይክሉን የሚይዝ ጓደኛ ያስፈልጋል። ጉዞው 140 ከሆነ 28 ሚሊ ሜትር ላይ ያነጣጥሩ።

መንፊያውን ስትፈቱ የምትሰሙት ፉጨት ከመንፊያው ቱቦ የሚወጣ ነው፤ "አየሩ ወጣ" ብላችሁ ተጨማሪ አትሙሉ። መልሳችሁ ስታስሩት ጌጁ ዝቅ ብሎ ቢያሳይም ቱቦው የወሰደው ድርሻ ነው።

አንድ አደጋ አለ። የአሞርዛተሩ ቫልቭ የመኪና ጎማ ቫልቭ ይመስላል፣ የጎሚስታው ቱቦም ልክ ይገባበታል። ጎማ ልታስነፉ ቆማችሁ ልጁ "ብራዘር፣ ይሄንንም ልሙላልህ?" ይላችኋል። በቅንነት ነው። ግን የአሞርዛተሩ ሆድ በጣም ጠባብ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ከሚፈለገው በላይ ሊያስገባ ወይም የነበረውን ባዶ ሊያደርግ ይችላል። "አይ፣ ጎማውን ብቻ" በሉት።

ሪባውንድ፦ ኮብልስቶኑ ይፍረድ

ቀዩ ቁልፍ አሞርዛተሩ ከተጫነ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ ይወስናል። መሃል ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ቁጭ እንዳላችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በዝግታ ውረዱ። አንዴ ሰምጦ፣ አንዴ ተመልሶ፣ ፀጥ ካለ ደኅና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ካንቦጫቦጫችሁ ፈጥኗል፤ አዝግሙት።

ይህ ሙከራ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የቀረውን ኮብልስቶን ይነግራችኋል፤ የሰፈር ውስጥ ኮብልስቶን ደግሞ ሞልቶናል። ረዘም ያለ ኮብልስቶን ላይ ሳትጋልቡም ሳትዘገዩም፣ ፔዳል ላይ ቆማችሁ ንዱ። መጀመሪያ ላይ ተመችቷችሁ ከዚያ እየደረቀ፣ እያንቀጠቀጠ ከሄደ ሪባውንዱ ዘግይቷል። አሞርዛተሩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ እየሰመጠ ሄዶ የሚሠራበት ቦታ ያልቅበታል። ሁለት ጠቅታ አፍጥኑና በዚያው መንገድ ድገሙ። የኔ ምክር፦ የጠርዙ ሙከራና ኮብልስቶኑ ካልተስማሙ ኮብልስቶኑን እመኑ።

ርካሽ አሞርዛተሮች ላይ ጠቅታው በደንብ አይሰማም። ቁልፉ ላይና አካሉ ላይ በነጭ ማርከር ነጥብ አድርጉ። ያገኛችሁትን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት። አየር ስትጨምሩ ሪባውንዱም ትንሽ ማዝገም እንደሚፈልግ አስታውሱ።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው አስፋልት የኋላ አሞርዛተር ያለው ሳይክል ላይ ጉልበት ይበላል። ማንሻውን ዝጉት፤ ለዚህ ነው የተሠራው። ላይ ስትደርሱ ግን ክፈቱት። ተዘግቶ ቁልቁለት መውረድ ወገብንም አሞርዛተሩንም ይጎዳል።

ማርሹስ? ብዙዎቹ እነዚህ ሳይክሎች ከፊት 32 ጥርስ ይዘው ይመጣሉ። ከኋላ ትልቁ 51 ቢሆንም እዚህ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ወደ 3,000 ሜትር ስትጠጉ፣ 32 ይከብዳል። 30 ወይም 28 አድርጉት። ለዚህ ዳገት ከዚህ የረከሰና የሚያዋጣ ለውጥ አላውቅም።

ስትወርዱ ቀለበቷን ከጎሚኒው ጋር አገናኝታችሁ ጀምሩ፣ ታች ስትደርሱ እዩዋት። የቀኑን ክፉ ጉድጓድ አልፋችሁ እንኳ ሲሦው ጉዞ ሳይነካ ከቀረ አየር በዝቷል። ሳጉ ልክ ሆኖ ሳለ በየጉድጓዱ ጥግ እየመታ "ጧ" የሚል ከሆነ ግን አየር አትጨምሩ። ውስጡ የሚገባ የፕላስቲክ ቁራጭ አለ፤ የአየሩን ክፍል ያጠባል፣ መጨረሻው ላይ ብቻ ያጠነክረዋል። አንድ አንድ እየጨመራችሁ ሞክሩ። አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳታስወጡ ግን ምንም ነገር አትክፈቱ።

ጎማ

የሳይክሉ ጎማ ቫልቭ ቀጭኑ ዓይነት፣ ፕሬስታ ነው። የጎሚስታ ቱቦ አይገባበትም። ትንሽ የነሐስ አዳፕተር ቁልፋችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ከመነዳሪ ከሌለውና ውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ካለበት፣ ለ75 ኪሎ ሰው 2.4 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ፒኤስአይ አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከመነዳሪ ካለው አራት አምስት ጨምሩ፣ አለበለዚያ ኮብልስቶን ላይ ይቆነጠጥና ይበሳል። ፈሳሹ በበጋ ቶሎ ይደርቃል። ጎማውን ጆሮ አጠገብ ነቅንቁት። መንቦጫረቅ ካልተሰማ ጨምሩ።

ክረምት፣ ጭቃና ላቫጆ

የእንጦጦ ቀይ ጭቃ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ስለዚህ እርጥብ ሳለ ባልዲ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ላቫጆ አትውሰዱት። የላቫጆው ግፊት የኩሽኔታዎቹን ጎሚኒ አልፎ ውሃ ያስገባል፣ ግራሶውን ያጥባል፣ ከሳምንታት በኋላ የኋላው ክንድ መንቋቋት ይጀምራል። ከታጠበ በኋላ ሰንሰለቱን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

ፎርኩን በየ50 ሰዓት ጉዞ ታችኛውን እግር አውጥቶ ማጽዳትና ዘይት መቀየር፣ የኋላውንም የአየር ክፍል እንዲሁ። ሩቅ ቦታ በሚኒባስ የምትጭኑት ከሆነ ፖርታመጋላው ላይ ገመዱን በፍሬሙ ላይ አታጥብቁ። በቸርኬዎቹና በመቀመጫው ዘንግ ይታሰር።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዝርዝሩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፦ የማርሽ ማንጠልጠያ፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ የፍሬን ሸራ፣ ትንሽ ጠርሙስ ሚኒራል ዘይት፣ የፎርኩና የአሞርዛተሩ ጎሚኒ። ጎሚኒውን ስታዝዙ የፎርኩን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። "የሳይክል ጎሚኒ" ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ አክስታችሁ ተጨንቃ የምታመጣው የመሪ እጀታ ነው።